ከባሕር ዳር ሆኖ የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ

ድራማ መጻፍ የሚፈልጉ የባሕር ዳር ልጆች ሲያገኙኝ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሆንም ወይ?» ብለው ነው። ይሆናል። እኔ ኑሮዬን እዚሁ ጣና ዳር አድርጌ፣ አዲስ አበባ ባሉ ጣቢያዎች የሚተላለፉ ተከታታይ ድራማዎችን እየጻፍሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ግን ምን ሲሟላ እንደሚሆን ሳልናገር «ይሆናል» ብቻ ብዬ ባልፍ ሰው ማሳሳት ስለሚሆንብኝ፣ ከሥራው የተማርሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ።

ሙያው ከውጭ ሲታይ ቆንጆ ቆንጆ ንግግር የመጻፍ ሥራ ይመስላል። ተመልካቹ ጆሮው ላይ የሚቀርለት ንግግሩ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስክሪፕት እንደ ልብ ወለድ አንባቢ እጅ ገብቶ የሚያልቅ ጽሑፍ አይደለም። ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ፣ የካሜራና የመብራት ባለሙያው፣ አልባሳት የምታዘጋጀው ልጅ፣ ሾፌሩ ሳይቀር ከእሱ ተነስተው የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። እኔ ትዕይንቱ ራስጌ ላይ «ውጭ፣ ሌሊት፣ ዝናብ» ብዬ አንዲት መስመር ስጽፍ ጀነሬተር፣ የውኃ ቦቴ፣ የቀረጻው ቡድን እራትና የሌሊት አበል አዝዣለሁ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከወረቀቱ ምን እንደሚፈልጉ የሚያውቅ ጸሐፊ ባሕር ዳርም ይኑር ጎርጎራ ይፈለጋል። የማያውቅ ግን ስቱዲዮው በር ላይ ቤት ቢከራይም የሚጠራው የለም።

የእኔ መንገድ የተነሳው ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በድምፅ ማጉያ አጫጭር ጭውውት እናቀርብ ነበር። ግቢ ሙሉ ተማሪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚሰማን መሰልቸቱ ፊት ለፊት ይታያል፤ እግሩን ይቀያይራል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል፣ ወደ ክፍሉ ማየት ይጀምራል። የትኛዋ ቃል ላይ ዝም እንዳለና የትኛዋ ላይ እንደሸሸን በዓይኔ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ ተመልካቼን አላየውም፤ ያ ግቢ ግን ስጽፍ ከፊቴ አይጠፋም። በኋላ የአማርኛ መምህር ሆንሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለሬዲዮ ድራማ መጻፍ ጀመርሁ።

ሬዲዮ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም ጀማሪ ከሬዲዮ ቢነሳ ደስ ይለኛል፤ ወጪው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ዕድል ይገኛል፣ ጆሮም ይሠራል። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጡ መማር የሚያስፈልገው መተው ነው። ሬዲዮ ላይ ሰውዬው ተቆጥቶ መውጣቱን በሩ ይጮኻል፣ የቀረችው ሴት «ሄደ» ትላለች። ቴሌቪዥን ላይ መሄዱን አይተናል፤ «ሄደ» ካለች ትዕይንቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓይን ያየውን አፍ እንዳይደግም መጠበቅ የዚህ ሙያ ግማሹ ነው እላለሁ።

ወደ ቴሌቪዥን የገባሁት በራሴ ድራማ አይደለም። አየር ላይ በነበረ ድራማ፣ ዋናው ደራሲ የነደፈውን ታሪክ ወደ ቃለ ተውኔት ከሚለውጡት አንዱ ሆኜ ነው። ይህን መንገድ አጥብቄ እመክራለሁ። የጻፋችሁት ትዕይንት ሳይቆይ ተቀርጾ ታዩታላችሁ፤ የትኛው ዐረፍተ ነገር ተዋናዩ አፍ ላይ እንደተሰናከለ፣ የትኛውን ዳይሬክተሩ እንደቆረጠውና ለምን እንደቆረጠው ትረዳላችሁ። የራሳችሁን ታሪክ ይዛችሁ ብቻችሁን ለዓመታት ብትቀመጡ ይህን ትምህርት የሚሰጣችሁ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊልም አንድ ጥያቄ ያነሳል፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይመልሳል፣ ይዘጋል። ተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ አዲስ ችግር የሚወልድ ጉዳይ ከሥሩ ይፈልጋል። ወጣቶች ከሚያመጡልኝ ረቂቅ አብዛኛው «ደሃ ልጅና የሀብታም ልጅ ተዋደዱ፣ ቤተሰብ ከለከለ» የሚል ነው። ቤተሰቡ የፈቀደ ዕለት ታሪኩ አለቀ። እንዳያልቅ ሲባል መኪና ይገጫል፣ ሰው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይተኛል፣ የተደበቀ መንታ ወንድም ከውጭ ይመጣል። ተመልካቹ ይህን ሲያይ ጸሐፊው ስንቁ እንዳለቀበት ወዲያው ይገባዋል።

እኔ ለማስተማሪያ የምጠቀምበት ምሳሌ ይኸውላችሁ። አባት ሞቷል፤ ጣና ዳር አንድ ቤት ትቷል። የመጀመሪያው ልጅ ቤቱ ተሽጦ ድርሻውን ይዞ ንግድ መጀመር ይፈልጋል። ሁለተኛዋ የታመመች እናቷን የምታስታምመው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ሦስተኛው ማንም ሳያውቅ ቤቱን ተስፋ አድርጎ ከሰው ገንዘብ ተበድሯል። ሦስቱም ካልፈረሙ ቤቱ አይሸጥም፤ ሦስቱም ደግሞ በየራሳቸው እውነት አላቸው። እዚህ ላይ መንታ ወንድም አያስፈልግም። ሽማግሌ ሲቀመጥ አንድ ክፍል ነው፣ አበዳሪው በር ላይ ሲመጣ ሌላ ክፍል ነው፣ እናትየዋ አንድ ቀን ሻል ሲላት «ለመሆኑ ማን ጠየቀኝ?» ስትል ሌላ ክፍል ነው። ታሪክ ስታስቡ «ምን ይሆናል?» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች ተለያይተው እንዳይሄዱ አንድ ላይ ያሰራቸው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስራቸው ነገር ከሌለ በሦስተኛው ሳምንት ትበተናላችሁ።

ጉዳዩ ሲገኝ ሲኖፕሲስ፣ ማለትም የታሪኩን አጭር ማጠቃለያ፣ እጽፋለሁ፤ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ከዚያ የገፀ ባህሪያቱን ማንነት፣ ቀጥሎ የአንድ ምዕራፍ ዕቅድ። በ13 ክፍል ማቀድ እመርጣለሁ፤ 13 ሳምንት የዓመት ሩብ ስለሆነ ለጣቢያ ፕሮግራምም ለስፖንሰር ውልም ይመቻል። እያንዳንዱን ትዕይንት በትንሽ ካርድ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ካርዱ ላይ የምጽፈው ሦስት ነገር ነው፦ ማን ምን ፈልጎ ገባ፣ ማን አስቸገረው፣ ሲወጣ ምን ተለውጦ ነበር። ሦስተኛው ባዶ የሆነ ካርድ የቱንም ያህል የምወደው ቢሆን ከግድግዳው ይወርዳል። ለ40 ደቂቃ ክፍል ከ20 እስከ 25 ካርድ ይበቃኛል። ንግግር የምጽፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ አያውቀውም። ቀረጻ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም። አንድ ሳሎን የተከራየ ፕሮዲዩሰር የአራት ክፍል የሳሎን ትዕይንቶችን በተከታታይ ቀናት ቀርጾ ጨርሶ ነው ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ክፍል እየጻፉ መላክ ለእናንተ ቢቀል ለእነሱ ኪሳራ ነው፤ ያንኑ ሳሎን አራት ጊዜ ይከራያሉ፣ ያንኑ ተዋናይ አራት ጊዜ ይጠራሉ። አራት አራት ክፍል አንድ ላይ የሚያስረክብ ጸሐፊ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆም ቢኖር ቅርብ ነው። በየሳምንቱ «ነገ እልካለሁ» የሚል ግን ጎረቤትም ቢሆን ሩቅ ነው።

ስለ ርዝመት ደግሞ ይህን ልበል። የውጭ አገር የስክሪፕት መጻሕፍት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይላሉ። ያ ስሌት ለእንግሊዝኛ፣ ለተወሰነ የፊደል ቅርጽና መጠን የወጣ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ቃሉም ባለቤቱንና ተሳቢውን ጭምር ስለሚሸከም አንድ ገጽ አማርኛ ብዙ ነገር ይይዛል። በገጽ ቆጥሮ 40 ደቂቃ ነው ብሎ የላከ ሰው ተቀርጾ ሲመጣ አንድ ሰዓት ሊሆንበት ይችላል። እኔ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቼ፣ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድሁ፣ ዝምታውንም እየቆጠርሁ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ግማሽ ሰዓት የተሰጠው ድራማ ማስታወቂያ ሲቀነስ የሚቀረው ከ22 እስከ 25 ደቂቃ መሆኑንም አትርሱ።

አሁን ንግግር። ከሥልጠና ላይ አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ቦታው ጣና ዳር ያለ ዓሣ ቤት ነው። ልጁ አዲስ አበባ ይሠራ ነበር፤ ከሥራ ተባርሮ ለእናቱ ሳይነግር መጥቷል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦

ልጅ፦ እማየ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከሥራ ተባርሬያለሁ። አንቺን ላለማሳዘን ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ደበቅሁሽ።
እናት፦ ምን አልህ? አባትህ ከሞተ ጀምሮ ዓሣ እየጠበስሁ ብቻዬን ያሳደግሁህ ልጄ እንዴት ትደብቀኛለህ?
ልጅ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አፍሬ ነው።

ስሕተት የለበትም፤ ሰዋስዉም ልክ ነው። ግን ሁለቱም የሚያውቁትን ለእኛ ሲሉ ይነጋገራሉ። አባቱ መሞቱን እናት ለልጇ አትነግረውም። የተሰማቸውን ሁሉ በቃል ስለጨረሱት ደግሞ ለተዋናዮቹ የተረፈ ሥራ የለም። ያንኑ ትዕይንት እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የማሳየው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የዞረበት የአባትየው ፎቶ አለ። እናት የተጠበሰ ቆሮሶ አምጥታ ልጇ ፊት ታስቀምጣለች።

እናት፦ መቼ ነው የምትመለስ?
ልጅ፦ ትንሽ ልቆይ ብየ ነው።
እናት፦ ፈቃድ ሰጡህ?
ልጅ፦ እህ።
(እናት ከመቀነቷ ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ታደርጋለች።)
እናት፦ ለመሳፈሪያ ይሆንሃል።
ልጅ፦ አለኝ እማየ።
እናት፦ ስንት አለህ?
(ልጁ ዝም ይላል። እናት ብሩን ገፋ ታደርግለታለች።)
እናት፦ ብላ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

አወቀች። መቼ እንዳወቀች ተመልካቹ በራሱ ያገኘዋል፤ ያገኘውን ነገር ደግሞ ከተነገረው ይልቅ ይወደዋል። ተዋናይዋም ብሩን የምትፈታበት እጅ አላት። እዚህ ትዕይንት ውስጥ አንድ ሰው «ተባርሬያለሁ» ብሎ አልተናገረም፤ ያንን ቃል ለሁለት ክፍል አቆይቼ ሰው በተሰበሰበበት፣ በተጣሉ ጊዜ አወጣዋለሁ። ያኔ ይወጋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የአክብሮት አጠራር ትልቅ መሣሪያ ነው። ምራት አማቷን ስታነጋግር «እርስዎ» እያለች ቆይታ በጭቅጭቅ መሐል «አንቺ» ካለች በጥፊ ከመምታት አይተናነስም፤ ሙዚቃም ካሜራም ሳይጨመር ቤቱ ይናወጣል። ይህን የምታደርጉበትን ቦታ ግን እናንተ ምረጡት። ጸሐፊው ረስቶ በትዕይንቱ መጀመሪያ «እርስዎ» ብሎ መጨረሻው ላይ «አንተ» ሲል ተዋናዩ ግራ ይጋባል። ለእያንዳንዱ ድራማ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ለቡድኑ በሙሉ እሰጣለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ልቤን የሚነካ ጉዳይ አለ። የጎጃምና የጎንደር ዘዬ በድራማ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዘበኛ ወይም ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ሆኖ፣ ሰው እንዲስቅበት ነው። እዚህ ከተማ ሐኪሙም ዳኛውም የዩኒቨርሲቲ መምህሩም በዚሁ አነጋገር ያስባል፣ ያፈቅራል፣ ይፈርዳል። እኔ ባሕር ዳር ላይ በተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ዘዬውን ለሁሉም ነው የምሰጠው፤ ለሐኪሟም ለባጃጅ ነጂውም። እንግዳ ቃል እየለቀሙ መደርደር አያስፈልግም፤ የአነጋገሩ አወራረድና አጠራሩ ይበቃል። አዲስ አበባ ያደገ ተዋናይ ሲመደብ ደግሞ ንግግሩን በራሴ ድምፅ ቀርጬ በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ አጥንቶ ይመጣል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ተዋናይ እስካሁን አልገጠመኝም።

እዚህ መኖራችን የሚሰጠን ትልቁ ነገር ቦታውን ማወቃችን ነው። አንድ ረቂቅ ላይ ወጣቱ ዓሣ አጥማጅ «ይህች ታንኳ የአያቴ ናት» ሲል አነበብሁ። የደንገል ታንኳ ከአያት አትወረስም። ውኃ እየመጠጠች ትከብዳለች፣ ከሥራ በኋላ ወጥታ መድረቅ አለባት፣ እንዲያም ሆኖ ለዓመታት አትቆይም፤ ትፈታና ሌላ ትሠራለች። ከአያት የሚወረሰው አሠራሩ ነው። ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ሰዎችን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ለዚያ ጸሐፊ ከታንኳዋ የበለጠ ታሪክ ይሰጠው ነበር፤ አያቱ አስተማሩት ማለት ነውና፣ እጁን ስናይ አያቱን እናያለን።

ገዳማቱም እንዲሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ጀግናዋ ወደዚያ ሄዳ አባን እንድታማክር የጻፈ ሰው ታሪኩን እንደገና ይጽፋል። ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይሳለማሉ፤ በቡና ደን ውስጥ የሚያስኬደው መንገድም ለምስል የተመቸ ነው። በእርግጥ ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ ቀደም ብሎ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ቅጽሩ በር ላይ የሚያልቅ ትዕይንት መጻፍ ይሻላል።

ሐይቁ ራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ጠዋት የተጀመረ የጀልባ ትዕይንት ከሰዓት ቢቀጥል ውኃው አይመሳሰልም። የሞተሩ ድምፅ ንግግር ስለሚውጥ ጀልባ ላይ ረጅም ንግግር አልጽፍም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲንሳፈፉ ወይም ወደብ ላይ ሲደርሱ ይነጋገሩ። ጢስ ዓባይን ለማሳየት የሚፈልግም ወሩን ይይ። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ሞልቶ የሚታየው ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። «በሚያዝያ በጢስ ዓባይ ግርማ ፊት ቃል ተገባቡ» ብላችሁ ብትጽፉ ካሜራው የሚያገኘው አብዛኛው ድንጋይ ነው። እምቦጭም አለ። ዐሥር ዓመት ያለፈው ይህ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ምን እንዳደረገ ከማንም በላይ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቃለን፤ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ኑሮ የጻፈው ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ለማንም ክፍት የሆነ ታሪክ ነው።

የሚተላለፍበትን ወቅትም አስቡ። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ የሚታይ ክፍል ላይ ቤተሰቡ ዶሮ ወጥ ከቦ ከታየ የሚጾመው ተመልካች ከታሪኩ ይወጣል። ረመዳን ሲሆን ሙስሊም ገፀ ባህሪያችሁ በቀን ቡና እንዳይጠጣባችሁ። ፕሮዲዩሰሩን የሚተላለፍበት ወር መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በሙያው ውስጥ ብርቱ ቁጣና ክርክር ተነስቶ ነበር። የሥጋቱን ምክንያት እረዳለሁ፤ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድራማ በብዙ ሚሊዮን ከተሠራ ሥራ ጋር በአንድ ሰዓት ሲፎካከር ማየት ቀላል አይደለም። እኔ ግን እናቴ ያንን ስታይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፊቷን አየሁ። የምትከተለው ቤቱን ወይም ልብሱን ሳይሆን አማት ከምራት፣ ወንድም ከወንድም የሚያደርጉትን ነበር። ያ ደግሞ እኛም ጋ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ፊት ዝም ብሎ የሚታይበት ጊዜ በስክሪፕቴ ላይ ጨምሬያለሁ።

ስለ ገንዘብና ስለ መብት ሳልናገር ባልፍ የረዳኋችሁ አይመስለኝም። የሚከፈለው በክፍል ነው፤ ይዘገያል፤ በድራማና በድራማ መካከል ባዶ ወራት አሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌላ ገቢ ያስፈልጋል፤ እኔ የማስታወቂያና የዘጋቢ ፊልም ጽሑፍ እሠራለሁ፣ አስተምራለሁ። ውሉ ላይ ሲኖፕሲሱ ሲጸድቅ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲገባ፣ የመጨረሻው ሲጸድቅ ተብሎ ክፍያው ይከፋፈል። «ሲተላለፍ» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ውል ላይ አትፈርሙ፤ መተላለፉ በእናንተ እጅ አይደለም። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስንት ጊዜ እንደምታርሙም ይጻፍ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አግኝታችሁ አንብቡት። ረጅም አይደለም። ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ ጥበቃ የሚያገኘው የተጻፈው ሥራ ነው። ስለዚህ «አንድ ታሪክ አለኝ» ብላችሁ ካፌ ውስጥ ከተረካችሁት ይልቅ ጽፋችሁ ቀን ያስገባችሁበት ይጠብቃችኋል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ጸሐፊዎች የማያስተውሉት ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የገንዘብ መብቱ በውል ሌላ ካልተባለ በስተቀር የአሠሪው ወይም የአዛዡ መሆኑን ነው። ድራማው በሌላ ጣቢያ ሲደገም፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲሠራ ድርሻ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይግባ። ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል፤ መብቱ የሚፈጠረው በምዝገባ ባይሆንም ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ድርጅት የጻፍሁትን ድራማ ሲያስተላልፍ በስሜ ቦታ የሌላ ሰው ስም አስገባ። ረቂቆቹን የላክሁበት ኢሜይል ቀን በቀን ተቀምጦ ነበር፤ ውሉም ላይ ስሜ በመግቢያው ላይ ብቻውን እንዲወጣ የሚል አንቀጽ ነበረው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ተያዘ፤ ወረቀቱ ስለነበረ ሽማግሌዎቹ ብዙ አልደከሙም። ከሚቀጥለው ክፍል ጀምሮ ስሜ ተመለሰ። ያ አንቀጽ ባይኖር በእንባ ብቻ እከራከር ነበር።

ከአዲስ አበባ ርቆ መሥራት ችግር የለበትም አልልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ስክሪፕት በፍላሽ ለመንገደኛ እየሰጠን ነው የላክነው። መንገድ ሲዘጋ የጋራ ንባብ ላይ መገኘት አልተቻለም፤ በመደበኛ ስልክ ተደውሎልኝ ተዋናዮቹ ሲያነቡ እያዳመጥሁ አርሜያለሁ። ለዚህ ነው ወረቀቱ እኔ በሌለሁበት ራሱን ችሎ መናገር ያለበት። ስክሪፕቱን አንብቦ «እዚህ ጋ ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚደውል ዳይሬክተር ካለ የዚያ ትዕይንት ጽሑፍ ገና አላለቀም ማለት ነው።

መጀመር ለሚፈልግ የምለው ይህን ነው። አየር ላይ ያለ አንድ የአገር ውስጥ ድራማ ምረጡ፤ አንድ ክፍል እያቆማችሁ ተመልከቱና ትዕይንቶቹን በካርድ ጻፉ። ስንት ቦታ እንደተጠቀመ፣ ስንት ሰው እንደተናገረ፣ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት ምን ላይ እንዳቆመ ቁጠሩ። ከዚያ የራሳችሁን ታሪክ በሁለት ቤት፣ በአንድ የሥራ ቦታና በስድስት ሰው ብቻ አስቡ፤ ፕሮዲዩሰር የሚፈራው ታሪክ ሳይሆን ወጪ ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ እናንተ የራሳችሁን ክፍል አታንብቡ፣ አዳምጡ። አንባቢው ቃል በራሱ የሚለውጥበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያለው ይሻላል።

ስትልኩ ደግሞ ሲኖፕሲሱን፣ የ13ቱን ክፍል ዕቅድ፣ ክፍል 1ን እና ክፍል 2ን አንድ ላይ ላኩ። ክፍል 1 ላይ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው፤ ለዓመታት ሲያስበው የኖረውን ነው የሚጽፈው። ክፍል 2 ላይ ግን ሰዎቹ ከተዋወቁ በኋላ የሚያደርጉት ነገር እንዳላቸው ይታወቃል። እኔ ጋ የጀማሪ ሥራ ሲመጣ ሲኖፕሲሱን አይቼ በቀጥታ የምከፍተው ክፍል 2ን ነው።